የቤተሰብ ዋጋ

የሰደበው የእህቱ ባል ነው። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ ቦታው የእህቱ አዲስ ቤት ሳሎን፤ ያውም የቀለሙ ሽታ ገና ያልለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር አልፏል። አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደያዘ፣ የማን እግር በማን ላይ እንደተደረበ ዛሬም ቢጠይቁት ሳይሳሳት ይናገራል። የአዲሱ ሶፋ ዋጋ ተነሣና እሱ፣ «አታለዋችኋል! እኔን ብትልኩኝ በግማሽ አወርደው ነበር» አለ። ክፉ ነገር አልተናገረም። የእህቱ ባል ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አፉን በመዳፉ ጠረገና፣

«ይሄ ሰውዬ ራሱ እንደ ዋጋው ነው፤ ከላይ ይጀምርና ታች ይገኛል!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእህቱ ባል ሳቀ፣ ጎረቤቱ ሳቀ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እየተያዩ ሳቁ። ከሁሉም ረጅሙን የሳቀችው ግን እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እህቱ፣ የሌሎቹ ሳቅ ካለቀ በኋላ እሷ ብቻዋን ትንሽ ጨመረችበት።

እሱ ተነሥቶ ወጣ። መልሱ የመጣለት እቤቱ ገብቶ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ስድቡ ፊት ለፊት ይመጣል፣ መልሱ ማታ አልጋ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ሰባተኛ ክፍል ላይ የሒሳብ መምህሩ፣ «አንተ ለሱቅ እንጂ ለደብተር አልተፈጠርክም» ሲለውም እንዲሁ ነበር። መልሱ በነጋታው መጣለት፤ በነጋታው ግን ትምህርት ቤት አልሄደም፤ ከዚያም በኋላ አልሄደም።

ሱቅማ ከፈተ። የልብስ ሰፊ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ከፀጉር ቤቱና ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መሐል እንደ ዕልባት የተሰካ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቆምበትም። ቁልፎቹ በመስተዋት ማሰሮ በየቀዳዳቸው ቁጥር ተለይተዋል፤ ዚፖቹ በምስማሮች ላይ እንደ እባብ ተንጠልጥለዋል፤ ክሮቹ ከነጭ ጀምረው ግድግዳውን ዞረው ጥቁር ላይ ያልቃሉ። ጨርቅ ይዘው ሲመጡለት ወደ በሩ ይወጣል፤ በፀሐይ ብርሃን ያየዋል፤ ተመልሶ አንዱን ክር ይመዝዛል። ተሳስቶ አያውቅም። «መብራት አሽቃባጭ ነው፤ ያሳዩትን ሁሉ ያሳምራል» ይላል። በመብራት ሥር ክር አይመርጥም።

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «የመጨረሻዬ» ነው። ሃያ ይላል። ገዢው አሥር ይላል። «አሥራ ስምንት፤ የመጨረሻዬ ነው» ይላል። ቀጥሎ «አሥራ ስድስት፤ የመጨረሻዬ ነው» ይላል። ሦስት መጨረሻ ካላለፈ አይሸጥም። ገዢው ተቆጥቶ ከወጣ ደግሞ እርምጃውን ይቆጥራል። ሦስት እርምጃ ሄዶ ተረከዙ የከበደ ሰው መጠራት የሚፈልግ ነው፤ ያን ጊዜ «ና እንጂ!» ይባላል። አምስት ከሄደ ትንሽ ተጨምሮ ይጠራል። ሰባት የሄደ ግን ሄዷል፤ እሱን መጥራት ራስን ማዋረድ ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ በደጃፉ ሃያ ዓመት ተረከዝ አይቶ ያወቀው ነው።

ከዚያ ወኪሉ መጣ።

ወኪሉ ሰው አይደለም። ስልክ ውስጥ ያለ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ነው። ባለቤቱ «ይሄን ይሄን ግዛልኝ» ይለዋል፤ እሱ ከተማውን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል፣ ይመርጣል፣ ከባለቤቱ ሒሳብ ላይ ራሱ ይከፍላል። ዕቃው በሞተር ይመጣል። ባለቤቱ ከተቀመጠበት አይነሣም። መጀመሪያ ሀብታሞች ያዙት፣ ቀጥሎ ሠራተኞች፣ በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ምላጩን በወኪል ማስገዛት ጀመረ። መንገዱ ላይ ሰው አልጠፋም፤ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ጠፋ እንጂ።

የመጀመሪያው ወኪል ሲደውልለት አንድ ደርዘን ነጭ ቁልፍ ነበር የጠየቀው።

«ሠላሳ» አለ። በልቡ የያዘው አሥራ ስምንት ነው።

«አመሰግናለሁ። መልካም ቀን» አለና ተዘጋ።

ስልኩን ይዞ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ።

«ምን ሆነህ ነው ስልክ አቅፈህ የቆምከው?»

«ገዢ ወጥቶብኝ ነው። እስኪመለስ።»

«ከስልክ የወጣ ይመለሳል እንዴ?»

«ሦስት እርምጃ ይሂድና ይመለሳል።»

«ወንድሜ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ስልክ ተረከዝ የለውም!»

በዚያ ወር አሥራ ዘጠኝ ወኪል ደወለ፤ አሥራ ዘጠኙም አመስግነውት ሄዱ። ወኪል ሲባል የመጀመሪያውን ዋጋ እውነት አድርጎ የሚወስድ ፍጡር ነው። ይሄ ለጨዋታ መክፈቻ የተባለ ነው፣ ቀልድም አለበት፣ ሰላምታም አለበት ብሎ የነገረው የለም። «የቁልፍ መደብር፣ ውድ» ብሎ መዝግቦ ያልፋል።

«የመጨረሻውን መጀመሪያ ንገራቸውና ተገላገል» አለችው ሚስቱ።

«የመጨረሻውን መጀመሪያ የሚናገር ነጋዴ ሱሪውን አውልቆ እንግዳ የሚቀበል ነው።»

«እንግዳው ከመጣልህ ሱሪው ምን ያደርግልሃል!» አለች። ሚስቱ ስትናገር ታስቃለች፤ የምታስቀው ግን እሱን አይደለም።

ነገሩ ጠበቀ። የሱቁ አከራይ መጣና ቁልጭ አድርጎ ነገረው፤ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ቤቱን ፈልጎታል፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ታገሥኩህ። እንደነሱ ከከፈልክ ቤቱ ያንተ ነው። ካልሆነ ማሰሮህን ሰብስብ» አለው። የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚያመጣ ሥራ በዓመት አንድ ብቻ ነበር፤ የዩኒፎርሙ ትዕዛዝ። የእህቱ ባል ስፌት ቤት የሦስት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ክሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ ከሱ ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ እቤታቸውን እግሩ ባይረግጥም ሥራው አልተቋረጠም። ስድብ ሌላ፣ ክር ሌላ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የስፌት ቤቱ ወኪል ነኝ። ሥራ ካላስፈታሁዎት ጥቂት ላማክርዎት ነበር።»

ዞሮ ወደ ኋላው አየ፤ «እርስዎ» የተባለው ሌላ ሰው መስሎት። ዕድሜውን ሙሉ «አንተ» ነው የተባለው። ሎተሪ ሻጩም «አንተ» ይለዋል፤ ገና ጢም ያላበቀለው የመብራት ቆጣሪ አንባቢም «አንተ» ይለዋል። እህቱም ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለው።

«ስለ ክር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ሰምቻለሁ» አለ ወኪሉ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አርባ ደቂቃ አወሩ። ወኪሉ አያቋርጥም። ሲነግሩት «ለምን?» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ «ስንት?» እንጂ «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የትኛው ክር ሲታጠብ ቀለም እንደሚለቅ፣ የትኛው ዚፕ በሦስተኛ ወሩ ጥርሱን እንደሚያረግፍ፣ የዩኒፎርሙ ጥቁር አረንጓዴ ከየትኛው ፋብሪካ በየትኛው የማቅለሚያ ቁጥር ቢታዘዝ ከጨርቁ ጋር አንድ እንደሚሆን፣ ሁሉን ነገረው። ቁጥሩን ለማግኘት እሱ አራት ዓመት ፈጅቶበታል።

«ለቤተሰብ የሚሉት ዋጋ እንዳለም ተነግሮኛል፣ ጋሼ።»

አለ። የመጀመሪያም የመጨረሻም የሌለው፣ ለእህቱ በጆሮዋ ብቻ የሚናገረው ዋጋ አለ። ተናገረው። እንዲያውም ልቡ ሞቀና ጨመረበት፤ «ትልቁ የክር መጋዘን ከዚህም በታች መውረድ ይችላል፤ ክሩን ከየት በስንት እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ያስገደደው የለም» አለ። አዋቂነቱን ለማሳየት ነው የተናገረው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ሰባት ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሙን ይላጭ ጀመር።

«ለማን ነው እንዲህ የምታምረው? ልቅና ወይ?» አለች ሚስቱ።

«ለሥራ ነው።»

«ስልክ ያይሃል እንዴ?»

«ባያየኝም ያከብረኛል።»

ሚስቱ ሳቋን ተወች። «አንተ ሰውዬ፣ ያለ ምክንያት ሲያከብሩህ ኪስህን ዳብስ» አለችው።

ቅር አለው። ለሱ ክብር ምክንያት ያስፈልገዋል ማለቷ ነው፤ ይህንንም ከነቀኑ መዘገበው። ደግሞ ማስረጃ ነበረው። ወኪሉ በየሁለት ሳምንቱ አንዳንድ ነገር ይገዛው ነበር፤ አንዴ ላስቲክ፣ አንዴ አንድ ፓኮ መርፌ። ዕቃውን ከመደርደሪያ ሳያወርድ ክፍያው ስልኩ ላይ ጭል ይላል። እንዲህ ያለ ገዢ በሃያ ዓመት አልገጠመውም። በሰባተኛው ማክሰኞ ስለ ዩኒፎርሙ ሲጠየቅ ከቤተሰቡም ዋጋ ዝቅ አለ፤ ኪራዩን ብቻ እንዲሸፍንለት። «ይሄን ዋጋ ለእናቴም አልሰጣት» አለ። ወኪሉ «በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለ።

በስምንተኛው ማክሰኞ አልደወለም። ረቡዕም አልደወለም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በፀሐይ የመረጠውን አረንጓዴ ክር አንዱን ጥቅል ኪሱ ከተተና ወደ ስፌት ቤቱ ሄደ። ናሙናውን አይተው ይወስኑ ብሎ ነው፤ ለራሱ የነገረው እንዲያ ነው።

ስፌት ቤቱ ስድስት የስፌት መኪና አለው። ስድስቱም ይንጫጫሉ። ካውያው እንፋሎት ይተፋል፤ ወለሉ በብጥስጣሽ ተሸፍኗል። በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ካርቶን ተደርድሯል፤ የመጋዘኑ ማኅተም ያለበት ፕላስተር ግማሽ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። በአንዱ ውስጥ ክር አየ። አረንጓዴ። አንዱን አንሥቶ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ በሩ ወጣና በብርሃን አየው። ከኪሱ የራሱን አውጥቶ አጠገቡ ያዘው። አንድ ናቸው። ገልብጦ ከጥቅሉ ሥር ያለውን ወረቀት አነበበ፤ እሱ በሦስተኛው ማክሰኞ የተናገረው የማቅለሚያ ቁጥር ነው።

«ኦ! የመጨረሻዬ!» አለ የእህቱ ባል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። «ምን እግር ጣለህ?»

እህቱ ከወዲያ ጥግ የሌላ ደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

«ዩኒፎርሙን ጀመራችሁ» አለ እሱ።

«ጀመርን። እንግዲህ ወኪሉ ነው የገዛው፣ እኔ ምን አውቄ! ማሽን አያዳላም።»

ወኪሉ ያለበት ስልክ ከጠመኔው ሣጥን ጋር ተደግፎ ቆሟል። ወደሱ ዞረ። ሰባት ማክሰኞ አንቱ ብሎት ነበርና ዛሬም አንቱታውን አልነፈገውም።

«ወኪል፣ ያውቁኛል?»

«በሚገባ፣ ጋሼ። እንደምን አረፈዱ?»

አንዱ መኪና ቆመ። ሌላውም ቆመ።

«የዩኒፎርሙን ክር ከማን ገዙ?»

«ከመጋዘኑ ነው፣ ጋሼ።»

«በስንት?»

«እርስዎ በመጨረሻ ከነገሩኝ ከመቶ ሁለት እጅ ዝቅ ብሎ።»

«የኔን ዋጋ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ። መውረድ እንደሚችሉ እርስዎ ስላስረዱኝ አጥብቄ ያዝኳቸው። የማቅለሚያው ቁጥርም በጣም ጠቅሞናል።»

«ኧረ ተወው አሁን እሱን፣ ሻይ እንጠጣ» አለ የእህቱ ባል፤ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

እሱ ግን ክንዱን ያዘው። ክንድ ይዞ አያውቅም፤ የእህቱ ባልም ገርሞት ቆመ።

«ከኔ ሊገዙ አስበው ያውቃሉ፣ ወኪል?»

«ትልልቁን ትዕዛዝ ከእርስዎ እንዳልገዛ፣ ግን ሁልጊዜ አስቀድሜ እርስዎን እንድጠይቅ መመሪያ አለኝ። ግንኙነታችን እንዳይቋረጥ ጥቃቅኑን እገዛለሁ።»

«መመሪያው የማን ነው?»

«የስፌት ቤቱ ባለቤት።»

የእህቱ ባል ወለሉን አየ። ለወኪሉ ሲያዝ «አትናገር» ማለቱን ረስቶት ነበር፤ እንደ ዕቃ ያየው ነገር አፍ ይኖረዋል ብሎ አላሰበም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። ባይጠይቀው ይሻለው ነበር፤ አፉ ግን ቀደመው።

«‹ጋሼ› ማለትዎስ?»

«እሱ የወይዘሮዋ ነው» አለ ወኪሉ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ። «‹አንቱ በለው፤ ሳታቋርጥ ስማው፤ የሚያከብረው ካገኘ ሆዱን ይዘረግፋል› ብለውኛል። እንዳሉትም ሆነ።»

ስድስቱም መኪናዎች ጸጥ አሉ። የካውያው እንፋሎት ብቻ ይተነፍሳል።

ወደ እህቱ አየ። የያዘችው መርፌ ክሩን አስከትሎ አየር ላይ ቀርቷል። አሁን አትስቅም። ያን እሑድ የሳቀችውን ሳቅ ይቅር ብሏት እንደነበር ያወቀው ገና አሁን ነው፤ ይቅርታው ከውስጡ ሲነቀል ሲሰማው።

«ክፉ አስቤ እኮ አይደለም» አለች። «አንተ ካልተከበርክ አትናገርም። ታውቀዋለህ። ለኛም ዘንድሮ ጠቦናል… ልጆቹ…»

«ኪራዬን ታውቂ ነበር?» አላት።

ዓይኗን ወደ መርፌዋ መለሰች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሚስቱ ነግራታለች፤ ሁለቱ በየሳምንቱ ያወራሉ።

የእህቱ ባል ጉሮሮውን ጠረገ። ዝምታ አይችልም፤ ዝም ያለ ቦታ ሁሉ የሱን ቀልድ የሚጠብቅ ይመስለዋል። «ንግድ ነው እንግዲህ! ምን ታደርገዋለህ? ጅብን ሲወጉ አህያ ተጠግቶ ነው» አለ።

አህያው ማን እንደሆነ የገባው ካለ በኋላ ነው። ከኋላ ካሉት ሰፊዎች አንዷ ፍንድት ልትል አፏን በጨርቅ ያዘች።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ። ስምንት ሰው። ሰዓቱን ግድግዳው ላይ አየው፤ ሰዎቹን በዓይኑ ቆጠራቸው፤ የት የት እንደተቀመጡ ያዘ።

የመጋዘኑን ክር ካርቶኑ ውስጥ በቦታው መለሰ። የራሱን ኪሱ ከተተና ዞረ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ና እንጂ!» አለ የእህቱ ባል ከኋላው። «ምን ያስቆጣሃል? ቁልፉን ካንተ እናድርገው!»

አራት። ደጃፉን አለፈ፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። አምስት።

«ቁልፉንም ዚፑንም! ባልከው ዋጋ! በመጀመሪያው ዋጋ፣ ይኸው፣ አልከራከርህም!»

ቁልፍና ዚፕ አብረው የኪራዩን ግማሽ ይሆናሉ። ይህን እግሩ ሳይቆም በአእምሮው አስልቶታል፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነው። ግማሹን ይዞ አከራዩን መለመን ይቻላል። ተረከዙ ከበደው። ሃያ ዓመት የሌሎችን ተረከዝ ሲያይ ኖሯል፤ የራሱ እንዲህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር።

ስድስት።

«ጋሼ!»

እህቱ ናት። ድምፅዋ ተሰብሯል። በአርባ ዓመት ዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ያላለችውን ቃል ነው የጠራችው።

ሰባት።

«ጋሼ» አለ ወኪሉም ከጠረጴዛው ላይ፣ ትሕትናው ሳይጎድል፣ «ማክሰኞ በተለመደው ሰዓት ልደውልዎት?»

መልሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጥቶለት ነበር። ለሦስቱም የሚበቃ፣ አጭር፣ የተሳለ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መልስ። ዋጠውና ስምንተኛውን ረገጠ።